የአማቴ የሽጉጥ አፎት

ስለ ጦር መሣሪያ ሲወራ ሁሉም የሚያወራው ስለ አፈሙዙና ስለ ጥይቱ ነው። አፎቱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እኔ ግን ከደረሰብኝ ተነስቼ ልንገራችሁ፤ ሽጉጥ ቢበላሽ ጠጋኝ አይጠፋለትም። የአማቱን አፎት ያበላሸ አማችስ ማን ይጠግነዋል?

አማቴ አባባ ሀንዲሶ ጊምቢቹ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ኮታቸው ሥር፣ በቀኝ ጎናቸው፣ አንድ ያረጀ የቆዳ አፎት ሁልጊዜ ተንጠልጥሏል። ክዳኑ ተከፍቶ አይቼ አላውቅም። ፈቃድ አላቸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልጃቸውን አግብቶ ሲያበቃ አማቱን «ለመሆኑ ፈቃድ አለዎት?» የሚል ወንድ ሀዲያ ውስጥ ገና አልተወለደም፤ ከሰሜን የመጣሁት እኔም ብሆን የመጀመሪያው ለመሆን አልቸኩልም።

አንድ ሰኞ አባባ ሆሳዕና እቤታችን ድረስ መጥተው አፎቱን ባዶውን አስረከቡኝ። ስፌቱ ለቋል፣ አሰፋልኝ፣ ለቅዳሜ ይድረስ አሉ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከጎረቤታቸው ከአቶ ላምቤቦ ጋር የሚጨቃጨቁበትን የእንሰት ድንበር ሊለዩ ነው። አቶ ላምቤቦ በጋም ክረምትም ቀይ የሱፍ ኮፍያ የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ የእሳቸውም ጎን ባዶ አይደለም ይባላል። አባባ ያለ አፎት ከቀረቡ መሬታቸው እንደሚቆረስ እርግጠኛ ነበሩ።

እኔ ግን መምህር ነኝ፤ መምህር ደግሞ ወደ ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ራሱ ማወቅ አለበት። ስልኬን ከፍቼ አንዱን ሰውዬ ሳዳምጥ ቆዳ ቅባት ይወዳል አለ። ምን ዓይነት ቅባት እንደሆነ ሳይናገር አልቀረም፤ እኔ ግን እስከዚያ ድረስ አልጠበቅኩም። ባለቤቴ አስቴር ከዶዮገና ያስመጣችውን ለጋ ቅቤ በጭልፋ ዝቄ አፎቱን እንደ ሙሽራ ቀባሁት፤ ከዚያም እንዲጠጣው ብዬ ግቢ ውስጥ አሰጣሁት።

ቆዳ ቅባት መውደዱ እውነት ነው። ማንም ያልነገረኝ ቅቤ የጠጣ ቆዳን ውሻ ደግሞ የበለጠ እንደሚወደው ነው። ውሻችን ቦቢ ዘለበቷን ብቻ አስተረፈልኝ፤ እሷንም ልሶ አጽድቶ። አስቴር መጀመሪያ ያዘነችው ለማን ይመስላችኋል? ለቅቤው።

ዘለበቷን ይዤ ቆዳ ሰፊው ዘንድ ሮጥኩ። አዲስ ይሰፋል፣ ሽጉጡ የታለ አለኝ። ሽጉጡን ለምን ፈለግከው ብዬ ስጠይቀው እንደ ሰነፍ ተማሪ አስቀምጦ አስተማረኝ። አፎት እንደ ጫማ በልክ ነው። ከላላ ሽጉጡ ይወድቃል፤ ከጠበቀ አይመዘዝም፤ ቃታውን በደንብ ካልሸፈነ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው ባለቤቱን ነው። ቆዳው ረጥቦ በመሣሪያው ቅርጽ ላይ ተወጥሮ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ጥይቱን አስወጥተህ አምጣው አለ።

ሐሙስ ጊምቢቹ ሄጄ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ። አባባ ውሻው የበላውን ሲሰሙ ቻሉት። ሽጉጡ ለልክ እንደሚፈለግ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ጓዳ አስገቡኝና በሩን ዘጉ፤ ከሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ከበደኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ አልከበደኝም። ፈታሁት። የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው።

በሀዲይኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ እንዳያመልጠኝ በአማርኛ ነገሩኝ። «ልጄ፣ የጌታን ቃል እያስተማርኩ ሰው መግደል አልችልም። መከበር ግን እችላለሁ።» ይህን ከሚስታቸው እንኳ ደብቀው ነው የኖሩት። ያን ቀን አማቴን ከምንጊዜውም በላይ ወደድኳቸው።

በማግስቱ ቆረቆንዳውን ለቆዳ ሰፊው ስሰጠው ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሰውዬው አልሳቀም። አገላብጦ አየውና ይሄማ ቀላል ነው፣ ቃታ የለውም አለ። ክሩን በሰም እያሸ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ባለፈው ሳምንትም ከዚያው ከጊምቢቹ አንድ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው ነበር፣ የእሳቸው ይብሳል፣ የመጥረቢያ እጀታ ቁራጭ ነው ያስለኩኝ አለኝ።

ቅዳሜ ሁለቱ አዛውንቶች ድንበሩ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሁለቱም ኮታቸውን አፎቱ እስኪታይ ገለጥ አድርገዋል። አንዱ ጎኑን ባከከ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ብድግ እያሉ ስለ እግዚአብሔር፣ ደም እንዳይፈስ ይላሉ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ አባባ ለሰላም ብዬ አንድ እርምጃ ለቅቄያለሁ አሉ። አቶ ላምቤቦም ወዲያው እኔም አንድ እርምጃ ለቅቄያለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ለዓመታት ያጨቃጨቀው ድንበር መካከል ላይ ሁለት እርምጃ የሚሆን ባለቤት የሌለው መሬት ተረፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ትከሻዬን ተደገፉ። ዙሪያቸውን ቃኙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ ልጄ! የላምቤቦ እኮ የእውነት ነው!»

ዞር ብዬ ያንን ሁለት እርምጃ መሬት አየሁት።

«አዎ አባባ» አልኳቸው፤ «እኔም አይቼዋለሁ፤ የእውነት ነው።»