ሩጫውን ያረመው ሰው

ተራራ ላይ ሦስት ቤት ከተሠራ፣ በአንደኛው ውስጥ የሰው ስህተት የሚያርም ሰው ይኖራል። በሁለቱ ቤት ያሉት ደግሞ እሱ ሲመጣ በጓሮ በር ይወጣሉ። በእኛ መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ኡርኬን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የቻለም የለም።

«ቆይ፣ እንዲህ አይደለም» ይላሉ። ሴቶቹ የቅቤ ሻይ ሲንጡ አናናጣቸውን ያርማሉ። መነኩሴያችን ላማው ለሟች ጸሎት ሲያነብ ገጽ ዘለልክ ብለው ያስቆሙታል። አምና በሽተኛ ሊወስድ የመጣውን የሄሊኮፕተር አብራሪ አስተራረፍ አታውቅም ብለው ተቆጡት። በጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ደግሞ፣ ሟቹ ሰባ አራት ሳይሆን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው ብለው ከሚስቱ ጋር ተከራከሩ። እኔና እሳቸው በአንድ መንደር አርባ ዓመት ኖረናል፤ አርባውንም ዓመት ተናድጃለሁ።

የዘንድሮው ንዴቴ ግን ሌላ ነው።

ከከተማ የሚመጡ ሰዎች በየዓመቱ በተራራችን ላይ የመቶ ኪሎ ሜትር ሩጫ ያዘጋጃሉ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኛ መንደር እንዲያልፍ አደረጉ። የልጄ ልጅ ያንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ስትሮጥ ከርማለች። ከሴቶች አንደኛ የምትወጣው አገራችንን ወክላ ባሕር ማዶ ትሮጣለች ተብሏል። በቀረኝ ዕድሜ ላየው የምመኘው ይህንን ብቻ ነበር።

በዋዜማው አዘጋጆቹ ዱላ ላይ ቀይ ጨርቅ እያሰሩ መንገዱን ምልክት አደረጉበት። ከመንደሩ መውጫ ላይ ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት ረጅም ግንብ አለ። ሰው የተባለ ሁሉ ግንቡን በቀኙ አድርጎ በግራ መንገድ ያልፋል። የከተማ ልጆቹ ግን ምልክቱን በቀኝ መንገድ ተከሉት።

ክቡርነታቸው አዩት። ስድስቱ ዱላ ተነቅሎ በግራ በኩል ተተከለ። ትክክል ነበሩ፤ የሚያበግነውም እሱ ነው። መታጠፊያውን የሚያሳየው ሰባተኛው ዱላ ግን ከግንቡ ማዶ ስለነበር በግራ ለሚመጣ ሰው አይታይም። ግንቡ ካለቀ በኋላ የግራው መንገድ በጫካው ውስጥ ቁልቁል እስከ ወንዙ ወፍጮ ይወርዳል።

ያንጂ ሴቶቹን ሁሉ ቀድማ ከፊተኞቹ ወንዶች ጋር ደረሰች። አገሬው ከግንቡ ጫፍ ወደ ላይ እንደሚታጠፍ ታውቃለች። ነገር ግን የከተማ ሰዎች የግንባችንን ወግ ከየት ያውቁታል? ምልክቱን በግራ ከተከሉ በወፍጮው በኩል ሊወስዱን ነው ብላ ወረደች። የአገሩ ልጅ ናት ብለው አሥራ አንድ ሰዎች ተከተሏት።

ከላይ ባለው ሸንተረር ላይ ሯጭ ሲጠፋ ነገሩ ገባን። ክቡር ኡርኬን በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ እየጮኹ ቁልቁል ሮጡ። ምልክት አጥተው ወፍጮው ጋ ሲዞሩ ደርሰው መለሷቸው። ያንጂ አርባ ደቂቃ አጥታ ከሴቶች አራተኛ ወጣች።

በማግስቱ ውጤቱ እንዲታይልን ልንለምን እኔና ኡርኬን አዘጋጆቹ ዘንድ ሄድን። አይሆንም አሉ። አለቃቸው ምልክቱን ማን እንደነቀለው ጠየቀ።

«እኔ» አሉ ኡርኬን።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ለመሆኑ እናታችሁ ግንብ በየት በኩል እንደሚታለፍ አልነገረቻችሁም?»

ብቻቸውን አልነበሩም። ሦስቱን ዱላ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሰባተኛውንም እንየው ሲሉ፣ ይበቃል፣ እንግባ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። አለቃው ሲጠይቅ ግን ባርኔጣዬን አስተካከልኩ።

ስንመለስ ቁልቁለቱን እያነከሱ ሲወርዱ፣ «ዝም ማለትህ ደግ ነው» አሉኝ። «በእኔ እንደሆነ መንደሩ መናደድ ለምዷል። አንተ ግን አያቷ ነህ።»

ያን ቀን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። አርመውኝ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ለያንጂ ሁሉንም ነገርኳት። ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ለእሳቸው ግን በሁለተኛው ቀን እርጎ ይዛ ሄደች፤ ያበጠውን ጉልበታቸውንም በቅቤ አሸችላቸው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሆኖም በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አስቀድሜ የምሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነበር።