በሥርዓት የሚጠበቅ ጉበት

ሳይንስ ትዕግሥት ይሻል። ይህን እውነት በጎንደር አራዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዳለው የጥናት ቢሮ አጥብቆ የያዘው የለም። ቢሮው የተቋቋመው የጉበት ካንሰርን ገና ሳይወጣ ከደም ላይ የሚጠቁም ምልክት ለመፈለግ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ማኅተም አስቀረጸ፤ ቀጥሎ በማኅተሙ ቀለም ላይ ሁለት ስብሰባ አደረገ፤ በመጨረሻም፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ምልክቱን አገኘው።

ያገኘችው የትነበርሽ ናት። ቁስቋም ተወልዳ ያደገች የላቦራቶሪ ባለሙያ ስትሆን፣ ስትናገር ድምጿ ከአጠገቧ ካለው ሰው አያልፍም። ምልክቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት እንዲህ ትላለች፦ በዜማ መጽሐፍ ላይ ከፊደሉ አናት የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ፊደሉን አይነኩትም፣ ዜማውን ግን ይለውጣሉ። በሰው ዘረመል ላይም እንዲሁ የሚለጠፉ አሉ፤ ያለ ቦታቸው ሲለጠፉ ጉበት ዜማውን ይስታል። ማብራሪያዋ እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ ገባ። ስሟ በቦታ ጥበት ምክንያት አልገባም።

ከአዲ አርቃይ ገጠር ደም ከሰጡት ሦስት መቶ ገበሬዎች ምልክቱ በአሥራ ሁለቱ ላይ ታየ። የጥናቱ ሰብሳቢ ዶክተር ፋንታሁን ዜናውን ለጉባኤው ቆመው አበሰሩ።

«አሥራ ሁለቱን ሦስት ዓመት እንከታተላለን። ካንሰሩ ከወጣባቸው ምልክታችን ትክክል ነው ማለት ነው።»

«ዶክተር፣ ለሰዎቹ አንነግራቸውም?» አለች የትነበርሽ።

«ምን ብለን?»

«ጉበታችሁን ታዩ ብለን።»

«ከታዩ ይታከማሉ።»

«አዎ።»

«ከታከሙ አይታመሙም።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ የምልክቱን ትክክለኛነት በምን እናውቃለን?»

ጉባኤው ዝምታዋን በድጋፍ መዝግቦ ለሻይ ተነሣ።

የተሳታፊዎችን ምስጢር መጠበቅ የቢሮው ኩራት ነው። ስማቸው ተፍቆ በቁጥር ተተካ። መዝገቡ በብረት ሣጥን ተቆለፈ፤ ቁልፉም በሌላ ብረት ሣጥን ተቆለፈ። ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ አሥራ ሁለቱን ብቻ መርጠው፣ ለድጋሚ ደም በአንድ መኪና ጭነው አመጧቸው፤ ምሳም በአንድ ገበታ አበሏቸው።

የትነበርሽ ፊት የተቀመጡት ቁጥር ሰባት ነበሩ፤ ሳይጠየቁ አላምረው መባላቸውን የተናገሩ የስልሳ ዓመት ገበሬ።

«ምነው ልጄ፣ ደሜን ደጋገማችሁት? ሸጋ ሆኖባችሁ ነው?»

መርፌውን ነቀለች። ምስጢር ላትናገር የፈረመችው ወረቀት ትዝ አላት።

«አያ፣» አለች ጥጡን ጫን አድርጋ ይዛ፣ «ዛሬ ወደ አገርዎ አይመለሱ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄደው ጉበትዎን በአልትራሳውንድ ይታዩ።»

«እኔኮ አያመኝም።»

«አውቃለሁ። ሳያምዎት ይታዩ።»

አያ አላምረው ብዙ በሬ የገዙ ሰው ናቸው፤ ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ፊቱን አይተው ያውቃሉ። አዩዋት።

«እሺ» አሉ።

ዶክተር ፋንታሁን በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ነበር። የቀሩትን ሌላ ሰው ወጋቸው። የትነበርሽም በዚያው ሳምንት «ለችሎታዋ የሚመጥን ቦታ» ተሰጥቷት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነች።

በአምስተኛው ወር አያ አላምረው ለክትትል ተጠርተው ጉባኤው ፊት ቀረቡ። ጉበታቸው ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ተገኝታ፣ በጊዜ ተቆርጣ ወጥታለች። ቁስሉ ጠግጎ፣ ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። ጉባኤው በጥልቅ አዘነ።

«ውጤታችን አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት ሊሆን ይችል ነበር» አሉ ዶክተር ፋንታሁን። «አበላሹብን።»

«ይቅር በሉኝ» አሉ አያ አላምረው።

«እብጠቷ ተገኝታለችኮ፣ ዶክተር» አለች የትነበርሽ ከማዕዘኗ። «ምልክቱ ትክክል ነበር።»

«ቅጹ የሚጠይቀው የታመመ ሰው ነው። እሳቸውን የት እንጻፋቸው?»

ጉባኤው ተጨነቀ። በመጨረሻ ከአባላቱ አንዱ መመሪያውን ገልጦ ክትትል ላቋረጠ ተሳታፊ በቅጹ ላይ የተመደበ ሣጥን አገኘ፤ «የገባበት ጠፍቷል» ይላል። ሁሉም እፎይ አሉ። የትነበርሽ ሁለት ክንድ ርቀው የተቀመጡትን አያ አላምረውን አየት አድርጋ ጻፈች።

ከዚያም «ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት እንደ ደንቡ ይነበብ» አለች። በዚያ ቢሮ ደንብ የሚቃወም የለም። ተነሥታ፣ ያን ዝቅተኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«ቁጥር ሰባት የገባበት ጠፍቷል። በደማቸው ያው ምልክት የታየባቸው ቀሪዎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ላይ፣ ምንም ሳይነገራቸው፣ ክትትሉ ይቀጥላል።»

አያ አላምረው ቀና አሉ።

«አሥራ አንዱ እነዚያ አብረውኝ የመጡት ናቸው?»

«ማንነታቸው ምስጢር ነው» አሉ ዶክተር ፋንታሁን።

«ነው እንጂ። አስናቀው አማቼ ነው። ገብረ ኪዳን የልጄ የክርስትና አባት። ወልደኢየሱስ እርሻችን ድንበርተኛ ነው፤ ሲመለስ አንተ ምን ብለህ ቀረህ ብሎ ደውሎልኛል።» በጣታቸው እየቆጠሩ አሥራ አንዱንም ጨረሱ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ለጉባኤው እጅ ነሡ።

«የአዲ አርቃይ ማኪና ገና አልወጣም» አሉ፤ ወደ የትነበርሽም ዞረው፦ «ልጄ፣ መዝገቡን አትዝጊው። እነዚያንም ጠፉ ብለሽ ጻፊ።»