ሊቀ መጋዝ ደጉ እና የወይዘሮ ወርቅአየሁ ግንባር

ዳንግላ ላይ የሚወራውን ስሙማ! አቶ ደጉ የቤታቸውን አግዳሚ የቆረጡት ለሚስታቸው ግንባር አዝነው ነው አሉ። እኔ አላመንኩም። አቶ ደጉ እንጨት የሚቆርጡት ለማንም ብለው ሳይሆን እንጨት ስላዩ ነው።

ቤቱን በሰላም የማያሳድር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው፣ ኢስሃቅ ሻይ ቤት ተሰብስበን «ሊቀ መጋዝ» ብለን የሾምናቸው አቶ ደጉ ናቸው። በሩን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ሲያዞሩ፣ መልሰው ሲያዞሩ፣ በቅሏቸው መግቢያው እየጠፋት ጎረቤት ታድራለች። ምነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ትንሽ ብቻ ልነካካው።» ይህን የሰማች እናት ልጆቿን ትሰበስባለች።

ቤቱ የአባታቸው ነው። የጥንት ሰው ቆጥ የሠራው እህል እንዲቀመጥበት እንጂ ሰው እንዲቆምበት አይደለም፤ ግድግዳዎቹን አያይዞ የሚይዘው ወፍራም አግዳሚ በቆጡ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። አቶ ደጉ ከነባርኔጣቸው በሥሩ ይመላለሳሉ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ግን ቁመታቸው የደብር ጽድ ነው። ዘር ሊያወርዱ በወጡ ቁጥር ጓ! ይላል፤ ከሻይ ቤቱ ይሰማል። «ወጡ» ይላል ኢስሃቅ ስኳሩን እያማሰለ።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮዋ መረራቸው። «ደጉ፣ ዝናቡ ሳይገባ ወይ ይህ እንጨት ይነሣል፣ ወይ እኔ ጫግኒ ወንድሜ ዘንድ እወርዳለሁ!»

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ አዲስ አግዳሚ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ ከዚያ አሮጌውን ያነሣል። ሊቀ መጋዝ ግን አሮጌውን ቀድመው ቆረጡት። የሣር ክዳኑ ተጫነ፣ ወራጆቹ ተንሸራተቱ፣ ግድግዳው ድግስ እንደዋለ ሰው ሆዱን ወደ ውጭ ነፋ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ አቶ ደጉ።

ባላ ያለው ባላ፣ ትከሻ ያለው ትከሻ ይዞ ደረሰ። ከብርጭቆ የከበደ ነገር አንሥቼ የማላውቀው እኔ እንኳ ግድግዳ ደግፌ ዋልኩ። አቶ ደጉ ግድግዳውን ከግድግዳ በበሬ ጠፍር ወጥረው አሰሩት። ቤቱም ቆመ። ወይዘሮዋ ደስ ብሏቸው መሰላሉን ወጡ፤ ጠፍሩ ግን የታሰረው በአሮጌው አግዳሚ ከፍታ ልክ ነበርና እዚያው ግንባራቸው ላይ ተቀበላቸው።

«ደጉ!»

«ቆይ የኔ እመቤት፣ ትንሽ ብቻ...»

«አገልግሌ የት አለ? መንገደኛ ነኝ!»

አቶ ደጉ ፊታቸው አመድ መሰለ። በማግስቱ መጋዛቸውን አስቀምጠው በየደጁ ዞሩ፤ ሰፈሩን ደቦ ለመኑ። ወራጆቹን በባላ አንሥተን አዲሱን አግዳሚ ከወይዘሮዋ ሻሽ በላይ፣ ከፍ አድርገን መታነው። ጠፍሩም ተፈታ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ቀን ሻይ ቤት ሆነን ጆሯችንን አቀናን። ጓ የሚል የለም። «ሄዱ እንዴ?» አለ ኢስሃቅ፣ ማንኪያውን እንደያዘ። ተያይዘን ሮጥን።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቆጡ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እያንጎራጎሩ ዘር ይሰፍራሉ። አቶ ደጉ አጠገባቸው ቁና ይዘውላቸዋል።

«ጋሼ ደጉ፣» አልኩ ከታች፣ «ለእመቤቲቱ ብለው ነው የቆረጡት የሚባለው እውነት ነው?»

ከሚስታቸው ብብት ሥር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ነጭ ውሸት! የእሷ ግንባር ምኔ ነው? እኔው ነኝ በየቀኑ ስገጭ የኖርኩት!»