ከምሰሶው ጀርባ ቴትምና ክሪል

ቨርጂል፦ ጡረታ የወጣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ። የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አይናገርም።
ዴልበርት፦ የቨርጂል ሚስት ወንድም፣ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

[ኦሃዮ ውስጥ ባለች የብረት ፋብሪካ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስታዲየም የመኪና ማቆሚያ። የኅዳር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ በዴልበርት ፒካፕ ኋላ ተቀምጠው ቋሊማ ይጠብሳሉ። የዴልበርት አባት ለሁለቱ ያወረሷቸው ሁለት ወንበሮች አሉ። አንደኛው ሜዳውን ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከወፍራም የብረት ምሰሶ ጀርባ ነው። ደንባቸው የታወቀ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ተከራክሮ ያሸነፈ ገላጣው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ክርክሩ ደግሞ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ኳስ ታቅፈው ሲሮጡ አገር ስላስጨበጨቡ ሁለት የትምህርት ቤቱ ልጆች ነው። ቴትም የነሱ የወጣትነት ዘመን ጀግና ነው፤ ክሪል በቅርቡ የተመረቀው። ቨርጂል የቴትም ጠበቃ፣ ዴልበርት የክሪል ጠበቃ ሆነው ኖረዋል፤ ከክሪል በፊት በነበሩት ክርክሮችም ቢሆን ቨርጂል አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ሰኞ ይህ አሮጌ የተመልካች መቀመጫ ሊፈርስ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቨርጂል መሸነፍ አምሮታል።]

ቨርጂል፦ በቃ አልኩህ። ክሪል ይበልጣል። አሸነፍከኝ፤ ገላጣው ወንበር ያንተ ነው።

ዴልበርት፦ ገና አፌን አልከፈትኩም እኮ።

ቨርጂል፦ ሳትከፍት ነው ያሸነፍከኝ።

ዴልበርት፦ እንዴ ቨርጂል፣ አንተ የቴትም ሰው ነህ። አንተ ክሪል ካልክ እኔ ማንን ልበል?

ቨርጂል፦ አንተም ክሪል በላ። ማን ከለከለህ?

ዴልበርት፦ ሁለታችንም ክሪል ካልን ክርክሩ የት አለ? አባዬ ወንበሮቹን የተዉልን ተከራክረን እንድንቀመጥ ነው። [ቋሊማ ያገላብጣል] እሺ በቃ፣ ዛሬ እኔ ቴትም ነኝ።

ቨርጂል፦ ስለ ቴትም ምን ታውቃለህ?

ዴልበርት፦ አንተ የነገርከኝን ሁሉ። ለምሳሌ ቴትም አጭር ነበር።

ቨርጂል፦ [ሰምቶ ሊያልፈው ይሞክራል፤ አልሆነለትም] ማን ነው አጭር? ቴትም እኮ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነበር።

ዴልበርት፦ በተከላካዮቹ እግር መሃል ሾልኮ አለፈ ብለኸኝ የለ?

ቨርጂል፦ እሱማ ለወሬው ማጣፈጫ ነው።

ዴልበርት፦ እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ድረስ የሚሆን ልጅ ነው የማስበው። [እምብርቱን ያሳያል] ያን ሁሉ ጎረምሳ ሲያልፍ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ቨርጂል፦ ያውም አንተ ዳቦ ቤት ታነሳቸው የነበሩትን ሁለት ጆንያ ዱቄት የሚያክል ሰውነት።

ዴልበርት፦ ይኸው፣ አሸነፍክ። ገላጣው ያንተ ነው።

ቨርጂል፦ ቆይ እንጂ። ቴትም ዛሬ ያንተ አይደለም እንዴ? ቴትም ከበለጠ ያሸነፍከው አንተ ነህ።

ዴልበርት፦ ስለ ቴትም የተሳሳትኩት እኔ፣ ያረምከኝ አንተ። ተሳስቶ ያሸነፈ ሰው የት አይተሃል?

ቨርጂል፦ [ለራሱ] ምን ዓይነት ቀን ነው። [ለዴልበርት] እሺ፣ እንደ ገና እንጀምር። አሁን ስማኝ፣ ክሪልን ላወድሰው ነው። ክሪል ፈጣን ነው። ጫማው ቀላል ነው፣ እጁ ላይ የማያንሸራትት ጓንት አለው፣ ሜዳው ምንጣፍ ነው።

ዴልበርት፦ እህ።

ቨርጂል፦ በቴትም ጊዜ ሜዳው ጭቃ ነበር። ጫማው ከነጭቃው ሁለት ጡብ ያህላል። ልጁ ደግሞ ከትምህርት ሲወጣ ፋብሪካ ገብቶ ብረት ሲገፋ የሚያመሽ። እስቲ ክሪልን እዚያ ጭቃ ውስጥ ጨምረው፤ እናቱን ነው የሚጠራው።

ዴልበርት፦ ይሄ ነው ክሪልን ማወደስ?

ቨርጂል፦ [ደንገጥ ብሎ] አመለጠኝ።

ዴልበርት፦ አንተ ለመሸነፍ አልተፈጠርክም። ተነስ፣ ብርድ ልብስህን ያዝ።

ቨርጂል፦ ዴልበርት፣ ደረቴን ብርድ ይዞኛል። ገላጣው ላይ ንፋስ አለ። ምሰሶው ደግሞ ንፋስ ይከልላል።

ዴልበርት፦ ካፖርቴን እደርብልሃለሁ።

ቨርጂል፦ ካፖርትህ የእርሾ ሽታ አለው።

ዴልበርት፦ እህቴን ካገባህ ጊዜ ጀምሮ ቤታችሁ እኔው በማመጣው ዳቦ አይደል የሚሸተው? ዛሬ ነው የከረፋህ?

ቨርጂል፦ አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታ በዓይንህ ማየት አያምርህም?

ዴልበርት፦ አይቼ የለም እንዴ?

ቨርጂል፦ ከምሰሶው ጀርባ ሆነህ ምን ታያለህ?

ዴልበርት፦ የግራውን ጥግ። ከበሮ መቺውን። ብድግ ስትል ደግሞ ያንተን ኮፍያ።

ቨርጂል፦ ታዲያ ቴትምን...

ዴልበርት፦ አላየሁትም።

ቨርጂል፦ ክሪልንስ?

ዴልበርት፦ እሱን አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት መጥቶ አይቼዋለሁ። ዶናት ገዝቶ ሄደ። አልሮጠም።

ቨርጂል፦ [በእጁ የያዘውን የቋሊማ መቆንጠጫ ያስቀምጣል] ሁለቱንም ሳታይ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተከራከርከኝ?

ዴልበርት፦ ሰምቻቸዋለኋ። አንተ ጎን ተቀምጠህ ትነግረኝ የለም? ቴትም ኳሷን እንደ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ሮጠ ያልከኝ ጊዜ፣ በማግስቱ ከምድጃው አውጥቼ ሞከርኩት። ሆዴ ተላጠ። ይሄ ልጅ ጀግና ነው አልኩ።

ቨርጂል፦ [ሳቁ ያመልጠዋል፤ ወዲያው ይኮሳተራል] እንግዲያው ተወስኗል። የመጨረሻው ቀን ነው፤ ዛሬ ገላጣው ላይ ተቀመጥና በዓይንህ እየው። እኔ ከጀርባ እሆናለሁ፣ አንተ ትነግረኛለህ።

ዴልበርት፦ እኔ? እኔ ማውራት አልችልም። ስለ ሠርጌ እንኳ የሚያወራልኝ አንተ ነህ።

ቨርጂል፦ እንለማመድ። ያ ሰውዬ፣ መኪናው ጋ ያለው፣ ምን እያደረገ ነው?

ዴልበርት፦ ቆሟል።

ቨርጂል፦ እና?

ዴልበርት፦ አሁን ተቀመጠ።

ቨርጂል፦ እንዲህ ልትነግረኝ ነው ጨዋታውን? ቆመ፣ ተቀመጠ?

ዴልበርት፦ ሌላ ምንም አላደረገም እኮ።

ቨርጂል፦ ልብህን ክፈት እንጂ። ተመልከት እንዴት እንደሚወራ። ያውልህ፣ አጥሩ ጋ የቆመችው ሴትዮ። ቀይ ካፖርት ለብሳለች፣ ሞላ ያለች ናት። ባሏን እየጠበቀች ነው። እመጣለሁ ብሎ ቀጥሯት አርፍዷል። ሰው ሁሉ ጥሏት ገባ፤ እሷ ግን በዚህ ንፋስ ንቅንቅ አላለችም። እሱ ሳይመጣ አትገባም።

ዴልበርት፦ [አጥሩን አፍጥጦ እያየ] ከዚያስ?

ቨርጂል፦ ከዚያማ መኪና ሲመጣ ቀና አለች። እሱ መስሏት ነበር። አይደለም። መሃረቧን አውጥታ መልሳ ከተተችው፤ በሰው ፊት አታለቅስም።

ዴልበርት፦ አሳዘነችኝ።

ቨርጂል፦ አየህ? እንዲህ ነው የሚወራው።

ዴልበርት፦ ቨርጂል።

ቨርጂል፦ አቤት።

ዴልበርት፦ የቆሻሻ በርሜል ናት።

[ቋሊማው ያራል። ማንም አያነሳውም።]

ቨርጂል፦ እሷን አይደለም ያልኩህ። ከጎኗ ያለችውን ነው።

ዴልበርት፦ ከጎኗ ሌላ በርሜል ነው ያለው። ሰማያዊ።

ቨርጂል፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል] ሞራ ነው። ሁለቱንም ዓይኔን ጋርዶኛል። ሐኪሙ በፀደይ ይወጣልሃል ብሎኛል። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለኔ ጉም ነው።

ዴልበርት፦ እህቴ ታውቃለች?

ቨርጂል፦ ማንም አያውቅም። ዛሬ ገላጣው ላይ ተቀምጬ ስዋሽህ እንዳልውል ፈራሁ። በመጨረሻው ቀን እንዳታለልኩህ ልለይህ አልፈለግኩም። ለዚህ ነው ልሸነፍ የለመንኩህ፤ እሱንም አልቻልኩበትም።

ዴልበርት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቨርጂል፦ ክሪል ከመጣበት ዓመት ጀምሮ።

ዴልበርት፦ እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት።

ቨርጂል፦ የገመትከው? ምን ማለት ነው የገመትከው?

ዴልበርት፦ አንድ ቀን ክሪል ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ ገባ ብለህ ኮፍያህን ወረወርክ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከበሮ መቺው እንኳ እያለቀሰ ነበር።

ቨርጂል፦ [ፊቱን በእጁ ይሸፍናል] ለምን አልነገርከኝም?

ዴልበርት፦ ከዚያስ ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ። አንተም ነገርከኝ።

ቨርጂል፦ ሰዎች ሰምተውኝ ነበር?

ዴልበርት፦ ከኋላችን ያሉት ባልና ሚስት ይሰሙ ነበር። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ግን ሰውዬው ዝም በይ፣ ልስማው ይላት ጀመር።

ቨርጂል፦ እኔ ደግሞ ሞኙን ወንድምሽን ዛሬም አሸነፍኩት እያልኩ ነው ለሚስቴ የማወራው።

ዴልበርት፦ ነግራኛለች።

[ከስታዲየሙ ውስጥ የተማሪዎቹ ባንድ መምታት ይጀምራል። ሰው ወደ በሩ ይጎርፋል። ሁለቱ አይነሱም።]

ቨርጂል፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቴትምን እኔ በደህና ዓይኔ ነው ያየሁት። የነገርኩህ ሁሉ፣ ከቁመቱ በቀር፣ እውነት ነው። ክሪልን ግን ፈጥሬ እንደምነግርህ እያወቅክ ነበር። እያወቅክ ለምንድን ነው ክሪል ይበልጣል ብለህ ስትከራከረኝ የኖርከው?

ዴልበርት፦ ቴትምን እያየህ ነው የነገርከኝ። ስለዚህ ይወድቃል። ጉልበቱን ይሰብሩታል፣ ኳስ ያስጥሉታል፣ እየተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ዳቦ ቤት ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ አዝናለሁ። [የቨርጂልን ብርድ ልብስ አንስቶ ትከሻው ላይ ይጥልለታል] ክሪል ግን ይኸው ተመርቆ እስኪሄድ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም።

[ቨርጂል ይነሳል፤ ዴልበርት ክንዱን ይይዘዋል። እንዲይዘው ይፈቅዳል፤ ይሄ ልማዱ አይደለም።]

ቨርጂል፦ ገላጣው ላይ እኔ ልቀመጥ?

ዴልበርት፦ አሸንፈህ የለ።

ቨርጂል፦ [እየሄዱ] ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ማን ይሩጥልህ?

ዴልበርት፦ ሁለቱንም አሰልፋቸው።