ጎጆ ከቀይዋ ጋር

መራጭ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ሳያገላብጥ የማይገዛ፣ ወንበር ሳይነቀንቅ የማይቀመጥ፣ ሻጩን ላብ በላብ አድርጎ መጨረሻ ላይ "እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ" ብሎ የሚሄድ ሰው ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለራሱ ሲመርጥ ያናድዳል። ለእርግብ ሲመርጥ ግን ሰፈር ያስለቅቃል። ይህን ከልብስ ሰፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የስፌት ክፍሏ ከክቡር መሐንዲሱ ጣሪያ ሥር ነው።

ክቡር መሐንዲሱ መሐንዲስ ሆነው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የፈጁት ቧንቧ ሲጠግኑ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ለእርግቦች ጎጆ የሚሆን ጭራሮ ሲመርጡ እየዋሉ ስላስቸገሩት። እርግቦቹ በመሠረቱ የባለቤታቸው የእትዬ ነበሩ። እትዬ ልጃቸው ስትወልድ ሊያግዟት ሩቅ አገር ሲሄዱ "አደራ" ብለው ጥለውባቸው ሄዱ። ሁለት ወር ብለው ነበር የሄዱት። ሕፃኑ አሁን ቆሞ እየሄደ ብርጭቆ ይሰብራል።

የምርጫው ሥነ ሥርዓት እንዲህ ነው። መሐንዲሱ ጭራሮውን ትንሿ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙና ይለቁታል። ከተሰበረ ውድቅ ነው። እንደተጣጠፈ ከቀረም ውድቅ ነው። ቀስ ብሎ ከተቃና ግን አንገታቸውን ይነቀንቁና "ይቺ ጎጆ ትሆናለች" ይላሉ። ይህን ቃል ለመስማት የታደለ ጭራሮ ጥቂት ነው።

አናጢው አንድ ጆንያ ሰጋቱራ አምጥቶ "አቧራ ነው" ተብሎ ተመለሰ። የጥበቃው ድርቆሽ ተሽትቶ "ሻግቷል" ተባለ። ባለሱቁ የስፖንጅ ቁራጭ ቢያመጣማ ትምህርት ተሰጠው፤ ጫጩት ልስላሴ ላይ ካደገ እግሩ ወዲያና ወዲህ እየሸሸ ሽባ ሆኖ ይቀራል፣ ጨብጦ የሚቆምበት ሸካራ ነገር ያስፈልገዋል። ባለሱቁ ስፖንጁን ታቅፎ ተቀይሞ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋም በደጉ ጊዜ የክር ቁርጥራጭ በፌስታል ሞልታ ወጥታ ነበር። መሐንዲሱ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከፈት አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ልትፈጂያቸው ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ክር እኮ ነው።"

"ክር እግር ያስራል። ጫጩቱ ሳያውቀው ይጠመጠምበታል። እግሩ ሲወፍር ክሩ ይጠብቃል። በኋላ ልብረር ቢል..."

ፌስታሉን መልሰው እጇ ላይ አኖሩት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተንቆ መጨረሻ ላይ የተመረጠው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመጥረጊያ ስንጥር። የሰፈሩ መጥረጊያ ሁሉ መመለጥ ጀመረ። መሐንዲሱ "እንደምን አደርሽ" እያሉ ይገባሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ሲወጡ እጅጌያቸው ውስጥ ስንጥር አለ።

"ጋሼ፣ መጥረጊያዬ ራሰ በራ ሆነ እኮ።"

"ሁለት ብቻ ናት ልጄ። ለቀይዋ ናት።"

ቀይዋ እትዬ ከሄዱ በኋላ ከገበያ የመጣች እርግብ ናት። ላባዋ ሸክላ የመሰለ፣ ኩራቷ ሌላ። ባሏ አንድ አንድ ስንጥር እያመጣ ጀርባዋ ላይ ሲያኖርላት ዞር ብላ እንኳ አታየውም። መሐንዲሱ ነገሩን እንደ ግል ጉዳይ ያዙት። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ የምትሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ቀይዋን ሲለማመጡ፣ ሌላው ከእትዬ ጋር በስልክ ሲያወሩ። "ደህና ነኝ። ስለኔ አታስቢ። እዚያው ሁኚላት" ይላሉ። ስልኩን ዘግተው ግን ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እስኪመሽ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ሌላ ባዶ ወንበር አለ፤ ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም። ነይልኝ የማይል ሰው ናፍቆቱ ይብሳል፤ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ስለ መጥረጊያዋ የያዘችው ቂም ይጠፋባታል።

አንድ ጠዋት ቀይዋ ስንጥሩን በመንቁሯ ተቀብላ ሆዷ ሥር ከተተችው። መሐንዲሱ ደረጃውን እየሮጡ ወርደው ለልብስ ሰፊዋ ነገሯትና እየሮጡ ተመለሱ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ፣ እግሯም የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነው።

"ምነው ሰውዬው ስልክ አያነሳም?"

"ጎጆ እየቀለሱ ነው እትዬ፣ ሥራ በዝቶባቸዋል።"

"ጎጆ? ከማን ጋር?"

"ከቀይዋ ጋር ነዋ። ስንት ጊዜ እምቢ ብላቸው ከርማ ዛሬ እሺ አለች። ደስታቸውን ቢያዩት።"

ልብስ ሰፊዋ መስመሩ የተቋረጠ መሰላትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሳምንት ሳይሞላ በሩ ላይ ታክሲ ቆመ። እትዬ ወረዱ። የልብስ ሰፊዋ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ሻንጣው ላይ ነው፤ ትንሽ ነበር። እትዬ ሰላምታዋን ሳይመልሱ ደረጃውን ወጡ። እሷም ያልደረቀ ልብስ ልታነሳ የወጣች መስላ ተከተለቻቸው።

"የታለች?" አሉ እትዬ።

መሐንዲሱ ቆመው ቀሩ። "ማን?"

"ቀይዋ ናታ።"

"ቀስ በይ፣ እንቁላል ታቅፋለች" አሉና ሳጥኑን አሳዩዋቸው።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አይታወቅም። "ጎጆ ቀለሰ ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

መሐንዲሱ ነገሩ የገባቸው ቆይቶ ነው። "ይህን ባውቅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አምና እቀልስ ነበር።"

ከዚያ እትዬ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ነው የምቆየው። እዚያ ስሆን እዚህ ይናፍቀኛል፤ እዚህ ስሆን ደግሞ ያ ሕፃን ዓይኔ ላይ ይሄዳል።" መሐንዲሱ "ደግ" አሉ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። የእርግብ ጫጩት ሲያድግ ደግሞ ጉድ ነው፤ ዛሬ ያየኸውን ነገ አታውቀውም። ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ ወጥታ አዲስ ላባ ባየች ቁጥር እትዬ የሚሄዱበትን ቀን ትቆጥራለች። እነዚህን ወፎች ስንቴ ስትረግም የኖረች ሴት አሁን ሰነፍ እንዲሆኑ ትመኛለች። መሐንዲሱም መምረጥ ትተዋል። መጥረጊያዋን የሚነካ ጠፋ፤ እሱም ሳይቀር ናፈቃት። ያንን የክር ፌስታል እያየች፣ እግር ያስራል ያሉት እውነት በሆነ ብላ ያሰበችበት ቀንም አለ።

ጫጩቶቹ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቆመው ክንፋቸውን ማራገብ በጀመሩበት ሰሞን እትዬ ወደ ስፌት ክፍሉ ገቡ።

"መጥረጊያ ይኖርሻል?"

"ቤቱን ሊጠርጉ ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ። ከመንገድ በፊት የሚደረግ ጽዳት መስሏት መጥረጊያውን እያመነታች አቀበለቻቸው።

እትዬ ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር ነቀሉ። ትንሿ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙና ለቀቁት። ቀስ ብሎ ተቃና።

"ይቺ ጎጆ ትሆናለች" አሉ። ሁለተኛውን ነቀሉ። "ቀይዋ ሌላ ጎጆ ጀምራለች። እርግብ እኮ የፊቶቹ ሳይበሩ ነው ለሚቀጥሉት የምትቀልሰው።"

"ታዲያ እትዬ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ብለው አልነበር?"

"ብያለሁ" አሉ ስንጥራቸውን እየመረጡ። "የትኞቹ ብያለሁ?"

ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ገብታ ገና ያልተጠረገበትን አዲሱን መጥረጊያ አመጣችና ጭራውን ወደ እሳቸው አድርጋ ሰጠቻቸው። ቤቷን እስከዛሬ ድረስ በጨርቅ ነው የምትወለውለው።