ሦስት የቴምር ሳጥን ጥይት

በየከተማው ለማይመጣ ቀን እንከን የለሽ ዝግጅት የሚያደርግ አንድ ሰው አለ። ባሕር በሌለበት ጀልባ ይጠርባል፤ ፈረስ ሳይኖረው ኮርቻ ያስጌጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ ገና ከተማ አልሆነም። ሸዋሮቢት በዚህ በኩል አትታማም፤ እኛ ጋሽ አብዱልሰመድ አሉን።

ክቡር ጋሽ አብዱልሰመድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ እርሻው ሲታጠፉ የመጨረሻው ግቢ ነው። በግቢው ጥግ ግድግዳ የሌላት የቆርቆሮ ጥላ አለች። እሷ ሥር፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሜዳ በሚወስድበት በኩል ተቀምጠው፣ ለአባታቸው ሽጉጥ የእርሳስ ጥይት ያፈሳሉ። ተራ ጥይት እንዳይመስላችሁ! ጫፉ ጎድጎድ ያለ፣ አፉን ለመናገር የከፈተ የሚመስል ጥይት ነው።

«ድፍኑንማ ማንም ያፈሳዋል» ይላሉ፣ ጣታቸውን እንደ ሰባኪ አንስተው። «ሙያ ማለት ባዶውን ልክ መሀል ላይ ማስቀመጥ ነው!»

ሽጉጡ ፈቃድ ያለው ቅርስ ነው። የሚኖረው በባለቤታቸው በእትዬ ሙሀባ ሳጥን ውስጥ ሲሆን የሳጥኑ ቁልፍ የሚኖረው በእትዬ ሙሀባ አንገት ላይ ነው። ጋሽ አብዱልሰመድ ባሩድ የላቸውም። ቀለህም የላቸውም። ያላቸው የጥይቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጫፉን ብቻ ሲሠሩ ኖረዋል።

«ቀሪውስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቀሪውን የቸኮለ ሰው ይሥራው።»

እርሳሱን የሚያመጡት በልመና ነው፤ ግን ልመናቸው የገዥ ልመና ነው። ባጃጅ ነጂዎች የሞተ ባትሪያቸውን መጀመሪያ ለእሳቸው ያሳያሉ። የጀውሃው ጎሚስታ ሙሉቀን ከከባድ መኪና ጎማ ላይ የሚነቅለውን የማመጣጠኛ እርሳስ በጣሳ ያስቀምጥላቸዋል። ጋሽ አብዱልሰመድ በሚኒባስ ሄደው ይረከቡታል። ሲመለሱ ያንን ጣሳ ጉልበታቸው ላይ ታቅፈው ስላየኋቸው እነግራችኋለሁ፤ የመጀመሪያ ልጁን ከሐኪም ቤት ይዞ የሚመለስ አባት እንደዚያ አይጠነቀቅም።

ከዚያ ማፍሰስ ነው። ቀዝቅዞ ሲወጣ ፍርድ ይጀምራል። ከወርቅ ሠሪ በተገዛች ሚዛን ይመዝኑታል። በአንድ ዓይናቸው ወደ ጉድጓዱ ያያሉ። ወደ ፀሐይ ያዞሩታል፣ ያንከባልሉታል፣ በጥፍራቸው ይዳስሱታል። ከዚያም ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ያቺ የታወቀች ፍርድ ትወርዳለች።

«ይቅለጥ!»

ይግባኝ የለም። ጥይቱ ተመልሶ ድስት ይገባል። አሥረኛው ካለፈ በቴምር ሳጥን ውስጥ፣ ጥጥ ላይ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል። ባለፈው መስከረም እንዲህ የተደረደሩ ሦስት ሳጥኖች ሞልተው ነበር።

ችግሩ ፍርዱ ከእርሳስ አልፎ መሄዱ ነው። ሠርግ ቤት የቀረበላቸውን ሩዝ በሹካ ገለጥ አድርገው «ይቅለጥ» ብለዋል። ካራቆሬ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ሚኒባስ ዞረው ዞረው አይተው፣ ባለቤቱ በኩራት ቆሞ ሳለ፣ «ይቅለጥ» ብለዋል። እኔም አልቀረልኝም። አንድ ጽሑፌን አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መሀሉ ወፍሯል። ይቅለጥ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሳነበው መሀሉ እውነትም ወፍሯል። በዚህ የተነሳ ለሁለት ወር አላናገርኳቸውም።

አንድ ጊዜ «ጥይት ይሠራል» የሚል ወሬ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰና ሳጅን ለማ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ባሩዱ የታለ?» አለ ሳጅን።

«የለም።»

«ቀለሁስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ጫፉ ነዋ!»

ሳጅን ለማ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። ግራ ገባው። ወደ ብርሃን አዞረው። ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳያስበው፣ «ይቺ ጉድጓድ ትንሽ ወደ ግራ አላዘነበለችም?» አለ።

ጋሽ አብዱልሰመድ ከበርጩማቸው ተነሡ። «አየሃት? አየሃት! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁትን! ይቅለጥ!» ሳጅን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲሄድ ባሩድ የሚባል ነገር ግቢው እንዳይገባ፣ አንድም ፍሬ ለማንም እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው አያስፈልግም ነበር። ጋሽ አብዱልሰመድ አንዷን እንኳ ለሰው ከሚሰጡ ጥርሳቸውን ነቅለው ቢሰጡ ይቀላቸዋል።

«የእኔ ባል» ይላሉ እትዬ ሙሀባ፣ «የትም የማይሄድ ሰው ጫማ የሚጠርገውን ያህል ይጠርጋል።»

እኛ ሁላችን እንስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ እስቅ ነበር፤ ሥራዬ ነው።

ከዚያ ጥቅምት ገባ፤ ግሪሳ መጣ።

ግሪሳን የማያውቅ ሰው ካለ፦ ወፍ ነው፤ ግን አንድ ወፍ አይደለም። ከአዋሽ በኩል እንደ ጭስ ተነሥቶ ይመጣል፤ ማሽላው ወተት ሲይዝ ያርፍበታል፤ ሲነሣ አገዳው ብቻ ይቀራል። የዚያን ቀን ማለዳ ያረፈው ከጋሽ አብዱልሰመድ ግቢ አጠገብ በእትዬ ከበቡሽ ማሽላ ላይ ነበር። እትዬ ከበቡሽ ባሏ የሞተባት፣ ያቺን አንድ እርሻ ብቻ ያላት ሴት ናት። ማሾ ዘርታ ዝናቡ አበላሽቶባታል። የዓመት ጉርሷ ያ ማሽላ ብቻ ነበር።

ጩኸቷን ሰምተን ሁላችንም ሮጥን። ማማው ላይ ቆማ ጅራፍ ታጮሃለች። ጣሳ የሚደበድብ አለ፣ ነጠላ የሚያራግብ አለ፣ ወንጭፍ የያዘውም ብዙ ነው። ግን የሚወነጨፍ የለም! የእኛ እርሻ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ ብትቆፍር ጠጠር አታገኝበትም። ስለዚህ የወረዳችን የቀወት ሰው ለወንጭፉ ጭቃ አድቦልቡሎ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። እኛም አድቦልቡለን፣ አድርቀን፣ ማማው ሥር ቆልለን ነበር። በጥቅምት ዝናብ የለም ብለን ሳንሸፍነው አደርን። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ቁልሉ ተመልሶ ጭቃ ሆኗል። ያንን ጭቃ ከወንጭፍ ብትለቀው አንተኑ ፊትህን ይመታሃል፤ ከጀውሃ መጥቶ እኛ ዘንድ ያደረው ሙሉቀን ሞክሮት ዓይኑን ሲጠርግ ነበር።

«ጋሼ፣ ሽጉጡን አምጡት!» አለ ሙሉቀን፣ ጭቃውን እየተፋ።

«በምን ልተኩስ? በአፌ?»

ግሪሳው እኛን ከምንም አልቆጠረንም። ጣሳ ሲደበደብ ከአንዱ ትልም ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይሄድም። የማሽላው ራስ ዓይናችን እያየ ከቀይ ወደ ነጭ ይለወጣል። እትዬ ከበቡሽ መጮኋን ትታ ዝም አለች። ጩኸቷን ችለነው ነበር፤ ዝምታዋን ግን አልቻልነውም።

ጋሽ አብዱልሰመድ ዞረው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ሲመለሱ ሦስቱን የቴምር ሳጥኖች ደረታቸው ላይ ደራርበው ይዘው ነበር። መሬት ላይ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያውን ከፈቱ። ከጥጡ ላይ አንዷን አነሡ። ከዚያ፣ ልማድ ነውና፣ ወደ ፀሐይ አዞሯት።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እትዬ ከበቡሽ ከማማው ላይ። «ማሽላዬ እያለቀ ታደንቃለህ?»

ጥይቷን ወንጭፍ ላይ አኖሩ፣ አሽከረከሩ፣ ለቀቁ።

ጮኸች! ያቺ መሀል ላይ የተቀመጠች ጉድጓድ ነፋሱን ይዛ ፉጨት ሆነች። ቀጭን፣ ስለታም፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት፤ ጭልፊት ሲወርድ የሚያሰማውን የሚመስል። ግሪሳው በዚያ በኩል በአንድ ጊዜ ከማሽላው ላይ ተነሣ።

 ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሳጥኑ ላይ ወደቀ።

«ተራ በተራ! አንድ ሰው አንድ ፍሬ!» እያሉ ጮኹ ጋሽ አብዱልሰመድ። «ወደ ሰው በኩል እንዳትወነጭፉ! ሜዳው ወዳለበት! ሙሉቀን፣ ጫፉን ወደፊት አድርግ እንጂ፣ ድንች መሰለህ እንዴ?» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ምን ትቆጥባላችሁ? ጨምሩ! ጨምሩ በአላህ!» አሉ።

ሰማዩ በፉጨት ተሞላ። ግሪሳው ይነሣል፣ ሊያርፍ ያጎነብሳል፣ ሌላ ፉጨት ይቀበለዋል፣ ደግሞ ይነሣል። እትዬ ሙሀባ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አሸርጠው ወነጨፉ፤ ከወንዶቹ ይልቅ የእሳቸው ሩቅ ሄደ። የመጀመሪያው ሳጥን አለቀ፤ ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ሲጋመስ ያ ሁሉ ጭስ ተጠቅልሎ ተነሣና ወደ መጣበት ወደ አዋሽ በኩል ዞረ። ሁላችንም እየጮህን እስከ እርሻው ዳር አሳደድነው። እስኪጠፋ ድረስ የቀረውን ግማሽ ሳጥን ከኋላው ለቀቅንበት።

በወንዙ በኩል ያለው ዳር ተበልቷል። ሌላው ተርፏል። እትዬ ከበቡሽ ከማማው ወርዳ ማሽላውን በእጇ እየዳሰሰች በትልሙ መሀል ሄደች፤ አንዱን ራስ ይዛ ቆማ አለቀሰች። ጋሽ አብዱልሰመድ ባዶ ሳጥኖቻቸውን አነባብረው ሲሄዱ ጥጡን እንኳ አላነሡም።

አሁን ኑዛዜዬ። ሦስተኛው ሳጥን መታደል ሲጀምር አንዷ እጄ ላይ ወደቀች። ወንጭፌ ዝግጁ ነበር። ግን አየኋት። ባዶዋ ልክ መሀል ላይ ነበረች፤ ጠርዟ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሳቅሁባት ነገር እጄ ላይ ሆና ልለቃት አቃተኝ። የእትዬ ከበቡሽ ማሽላ እየተበላ እኔ ኪሴ ከተትኳት። ጋሽ አብዱልሰመድ አንድም ሳያስቀሩ ጨርሰዋል፤ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ልመልስ ሄድኩ። እሳት አንድደው፣ ሙሉቀን ማልዶ ያመጣውን እርሳስ እየመረጡ ነበር። ጥይቷን ዘረጋሁላቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት… ሳላውቅ ኪሴ ቀርታ…»

ቀና ሳይሉ ሳቁ።

«ሳላውቅ ትለኛለህ? ስትደብቃት እያየሁህ! ሙሀባም አይታሃለች።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

መዳፌን በእርሳስ በጠቆረ ጣታቸው አጥፈው ጥይቷን ውስጡ ዘጉብኝ።

«ያዛት» አሉ። «እስካሁን አንድም ሰው ሊሰርቀኝ ሞክሮ አያውቅም።»