ሊቀ ሐያስያንና ጠማማው መቆሚያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጎረቤቱና በየቤተ ዘመዱ መካከል፣ ፈጣሪ ዓለምን ሠርቶ ባረፈ ማግስት ነጥብ ሊሰጠው የተነሣ አንድ ሰው አይታጣም። ሠርግ ተጠርቶ የሙሽራውን ንግግር ያርማል፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሾፌሩን መሪ አያያዝ ይመዝናል፤ የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ ስለ አልጋው ስፋት አስተያየት ሰጥቶ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም እንዲህ ያለ ሰው አለህ። የእኔው ግን ከሁሉም ይልቃል፤ እርሱ ይህን ጠባዩን ሥራ አድርጎታልና።

ክቡርነታቸውን «ሊቀ ሐያስያን» ብዬ የሰየምኋቸው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ደረጃ የወጣን የወረድን፣ እርሳቸው ከላይ እኔ ከታች የምንኖር ጎረቤታሞች ስለሆንን ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ሲመጡ ግን «እርስዎ» ይገባቸዋል። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር፣ እኔ በማዘጋጀው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የቪዲዮ ጌም የሚገመግም ሰው ሲጠፋ፣ «ካርታ ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ነው» ብለው ዓምዱን ያዙ። ይኸው ስድስት ዓመት አልለቀቁም።

ፍርዳቸው አንዲት ናት፦ «ከዐሥር ስድስት፤ ያውም በልግስና።»

የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሲገመግሙ ቀይ መብራት ባዩ ቁጥር ቆሙ። ከሃያ አራት ተወዳዳሪዎች ሃያ አራተኛ ወጡና «አንድም ሰው ሳልገጭ የደረስሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጌሙ ግን ይህን የሚቆጥርበት ሰንጠረዥ የለውም» ብለው ጻፉ። ከዐሥር ስድስት።

በጦር ስልት ጌም ደግሞ አርባ ሺህ ሠራዊት አሰልፈው ዘመቱ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ዘመቻውን አቆሙ። ለምን ቢሉ፣ ወንዙ ከባሕር ተነሥቶ ወደ ተራራው ይፈስ ነበር። የአርባ ሺህ ሰው አዛዥ ማስመሪያቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፈው ዳገቱን ሲለኩ፣ ጠላት በጀርባ ዞሮ መናገሻ ከተማቸውን አቃጠለው። ግምገማቸው እነሆ፦ «ጦርነቱ ደኅና ነው። ወንዙ ግን ሽቅብ ይፈሳል።» አንድ አንባቢ «መምህር፣ ተሸንፈዋል እኮ!» ብሎ ቢጽፍላቸው፣ «ሽንፈት የግል ጉዳይ ነው፤ ወንዝ ግን የሁላችን ነው» ሲሉ መለሱለት።

ባለቤታቸው፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አንደበታቸውም ከመርፌያቸው አይተናነስም። «ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ከስድስት በላይ ያገኘሁት የሠርጌ ዕለት ብቻ ነው፤ ሰባት ተኩል። ተኩሏንም ዘግይተሻል ብሎ ማታውኑ ነጠቀኝ» ይላሉ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ቤት ውስጥ ስፖርት የሚያሠራ ጌም እጃቸው ገባ። ጌሙ ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ሰው የሚቆምበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለው፤ እርሳቸው «መቆሚያው» ይሉታል። የቆመው ሰው ክብደቱን ወዴት እንደሚጥል አንዲት ቀይ ክብ ቴሌቪዥኑ ላይ ታሳያለች፤ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ክቧ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣራዬ ተንቀጠቀጠ፤ መጻሕፍቴ ከመደርደሪያው ጫፍ እየተንሸራተቱ ወደቁ። ከዚያ ጽሑፉ መጣልኝ።

አንደኛ ጉድለት፦ አሠልጣኟ ገና ከወንበራቸው ሳይነሡ «ጎበዝ! ግሩም!» ትላቸዋለች፤ ያላየችውን ሥራ የምታመሰግን አሠልጣኝ አትታመንም። ሁለተኛ፦ ሙዚቃው ለመቸኮል እንጂ ለመታጠፍ አይሆንም። ሦስተኛ፦ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ሰውነቱን ለክቶ «ዕድሜው ሰባ ዘጠኝ ነው» ማለት ስድብ ነው። አራተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «መቆሚያው ጠማማ ነው። ቀጥ ብዬ ብቆምም ክቧ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሰኞ ሁለት ጣት፣ ረቡዕ ሦስት ጣት፣ ዓርብ አራት ጣት።»

እስከዚያ ድረስ እየሳቅሁ ነበር የማነበው። «ዓርብ አራት ጣት» ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ጠማማ ዕቃ እንደ ጠመመ ይኖራል እንጂ በየሁለት ቀኑ አይብስበትም።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ወደ ቤቴ ሳልገባ ወደ ላይ ወጣሁ።

«እስቲ እኔም ልቁምበት» አልሁ። ቆምሁ። ክቧ መሐል ላይ ቁጭ አለች። እትዬም መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ቆሙ። አሁንም መሐል።

«ጠማማ ከጠማማ ገጠመ!» አሉ ሊቀ ሐያስያን። «ምን ይገርማል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገሩን ልብ ብትለው ምናለ?» አሉ ሚስታቸው።

«አንቺ ደግሞ አትረብሺኝ፤ ግምገማ ላይ ነኝ።»

እትዬ ሊሸኙኝ ወጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት። «ወንድሜ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ትናንት የኩሽናውን በር በግራ ትከሻው መታና በሩን ተቆጣው። ታላቅ ወንድሙም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው። በወሩ ወደቀ፤ አልተነሣም።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ አላሉትም?»

«ብዬው ነበር። ‹እኔ የምጽፈው የጌም ጉድለት ነው፤ የራሴን ማን ጠየቀኝ?› አለኝ።»

በማግሥቱ ለሊቀ ሐያስያን ስልክ ደወልሁ። ልመና እንደሚንቁ አውቃለሁና አዘጋጅ ሆኜ ቀረብሁ።

«ጽሑፍህን አላትመውም።»

«ለምን ተብሎ?»

«አራተኛው ጉድለት ማስረጃ የለውም። ሦስት ሰው ቆመ፤ ሁለቱ ቀጥ አሉ። ጥፋቱ የመቆሚያው ይሁን የቋሚው ሳይጣራ ጋዜጣዬ የማንንም ዕቃ ስም አያጠፋም።»

በተቆጣ ድምፅ፦ «ምን ዓይነት ማስረጃ?»

«ቀጥ ያልህ ለመሆንህ የሐኪም ወረቀት።»

«እንኳን አንድ፣ ሁለት አመጣልሃለሁ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እንዲህም ሆነና ሊቀ ሐያስያን፣ ምናልባትም ከሰው ልጅ ሁሉ ቀዳሚ ሆነው፣ ጌም ለመክሰስ ሐኪም ቤት ሄዱ። ከረባት አስረዋል። እትዬ በቀኝ፣ እኔ በመንገዴ እንደተገኘሁ ሁሉ በግራ።

«አላመመኝም» አሉ ወንበር ሳይዙ። «ምስክር ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ዶክተሯ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ናት። «ይሁን አባባ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ ይዞርብዎታል?»

ሚስታቸው ዞር ብለው አዩአቸው።

«ትንሽ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጦርነቱ ጀምሮ።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «የትኛው ጦርነት?»

«ወንዙ ሽቅብ የሚፈስበት።»

ላስረዳት አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ፦ «አትደንግጪ ልጄ፤ እሱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

የወንድማቸውን ነገር ስትሰማ ግን ዶክተሯ ኮስተር አለች፤ አስቀድሞ ጭንቅላታቸው በማሽን ይታይ ብላ አዘዘች። ሊቀ ሐያስያን ከረባታቸውን ፈትተው ለሚስታቸው ሰጡና ገቡ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እትዬ ከረባቱን ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል። እኔ በበኩሌ በስድስት ዓመት ውስጥ ከጽሑፎቻቸው የሰረዝኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አስታውስ ጀመር፤ መሰረዝ ይገባው የነበረ አንድም አላገኘሁም።

በሩ ሲከፈት ዶክተሯ ፈገግ ብላለች። «ጭንቅላታቸው ደኅና ነው። ጣጣው ከጆሯቸው ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ፤ እነሱ ከቦታቸው ሸሽተዋል። አሁኑኑ እንመልሳቸዋለን።»

አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ራሳቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወዲህ አዞረች፣ ወዲያ አዞረች፣ በጎን አስተኛች፣ ቀና አደረገቻቸው። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። እትዬ ከረባቱን ፊታቸው ላይ አድርገው «ተመስገን! ተመስገን!» እያሉ አለቀሱ። እኔ ሳቄ መጣ፤ በሽተኞች እስኪያዩኝና ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እስክታደርግ ድረስ ሳቅሁ።

ሊቀ ሐያስያን ቁጭ ብለው ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ትራሱ ግን ይቆረቁራል። ወረቀቴስ?»

«ቀጥ ብለዋል ብዬ እንዴት ልጻፍ አባባ? ሲመጡ አልነበሩማ!»

እያጉረመረሙ ጽሑፉን እንደ ገና ጻፉት። «አራተኛው ጉድለት የገምጋሚው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጌም ገምጋሚው ከሚስቱ የደበቀውን ነገር ያለ ሐሜት ገልጧል። ከዐሥር ሰባት።» የጋዜጣችን አራሚ የቁጥር ስሕተት መስሎት ስድስት ሊያደርገው ሲል እጁን ያዝሁት።

እሑድ ወደ ላይ ወጣሁ። እርሳቸው ጫማቸውን አውልቀው መቆሚያው ላይ ቆመዋል፤ እትዬ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ክቧ ወደ ግራ ወጣ አለች፤ ተመለሰች፤ ወደ ቀኝ ዘመም አለችና መሐል ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሊቀ ሐያስያን ዘወር ቢሉ፣ እኔ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ከጀርባቸው ቆሜ አገኙኝ። መቼ እንደዘረጋኋቸው እኔም አላውቅም።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ስፖርት እየሠራሁ ነዋ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ በጥንቃቄ አዩኝ። «ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። እንዲህ ተገትረህማ እንኳን እኔን፣ ራስህንም አትይዝ።»

ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁ።